ሁለት ውሎች፦ የሊዮፖልድ ፎን ዛኸር-ማሶክ ሕይወትና በፈቃድ የመገዛት ሥነ ልቦና

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1869 ሊዮፖልድ ፎን ዛኸር-ማሶክ የተባለ የሠላሳ ሦስት ዓመት ደራሲና የታሪክ ምሁር ፋኒ ፒስቶር ከተባለች ወይዘሮ ጋር በጽሑፍ የሰፈረ ውል ተዋዋለ። ለስድስት ወራት ባርያዋ ሊሆንና ፈቃዷን ሁሉ ሊፈጽም በክብሩ ቃል ገባ። ሰነዱ በሕግ ፊት ዋጋ አልነበረውም፤ ከ1812 ጀምሮ ይሠራበት የነበረው የኦስትሪያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባርነትን በግልጽ ይከለክል ነበርና። ከፈቃዳቸው በቀር የሚያስራቸው አንዳች ነገር ሳይኖር ሁለቱም ፈረሙ። በዐዋቂዎች ስምምነት ላይ የተመሠረተ የገዢና የተገዢ ግንኙነት በሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ በተነሣ ቁጥር የሚመላለሱት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ይገኛሉ። ማን ማንን ያሠለጥናል? ወሰኑን የሚያበጀው ማን ነው? ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው እምቢ ለማለት ምን ያህል ዐቅም አለው? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛኸር-ማሶክ ከሌላ ሴት ጋር ሌላ ውል ተዋውሏል። ሁለቱ ሰነዶች በቋንቋቸው ይቀራረባሉ፤ በሥራቸው ግን እጅግ ይራራቃሉ። የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም ይኸው ርቀት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛኸር-ማሶክ ጃንዋሪ 27 ቀን 1836 በሌምበርግ፣ በዛሬዋ የዩክሬን ከተማ በልቪቭ ተወለደ። ሌምበርግ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ሥር የነበረችው የጋሊሺያ ግዛት መዲና ነበረች። አባቱ የከተማዋ የፖሊስ አዛዥ ሲሆን፣ እናቱ በሌምበርግ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰር የነበረው የፍራንዝ ማሶክ ልጅ ነበረች። የእናቱ ቤተሰብ ስሙን የሚያስቀጥል ወንድ ወራሽ ስላልነበረው አባቱ የሚስቱን የቤተሰብ ስም ከራሱ ጋር አጣመረ። ኋላ የአንድ የሕመም መጠሪያ ሥር የሆነው ስም፣ እንግዲህ፣ የተወረሰው በእናት በኩል ከአንድ ሐኪም ነው፤ አያትየው ስሙ በዚህ በር ወደ ሕክምና መጻሕፍት ይገባል ብሎ ሊጠረጥር አይችልም ነበር።

ሕፃኑን ያሳደገችው ሩቴናዊት የገጠር ሴት ነበረች፤ ሩቴናውያን ዛሬ ዩክሬናውያን የሚባሉት ናቸው። አፉን የፈታው በጀርመንኛ አልነበረም፤ ይህን በኋላ የጻፈበትን ቋንቋ አጥርቶ የያዘው ቤተሰቡ በ1848 ወደ ፕራግ ከተዛወረ በኋላ ነው። የጋሊሺያ ገበሬ እስከዚያው እስከ 1848 ድረስ ለባለመሬቱ ጉልበቱን የሚገብር ገባር ነበር። በ1846 ገበሬዎቹ በፖላንዳውያን መኳንንት ላይ ተነሥተው አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ሲገድሉ የፖሊስ አዛዡ ልጅ የዐሥር ዓመት ብላቴና ነበር። ዐመፁ በ1858 ለታተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ መነሻ ሆነ። ጌትነትና ሎሌነት፣ ጅራፍና መሬት መሳም፣ ለዚህ ልጅ የምናብ ፍጥረቶች አልነበሩም፤ በአደባባይ የሚታዩ የአንድ ሥርዓት ምልክቶች ነበሩ። የዛኸር-ማሶክን ዝንባሌ ከቤተሰብ ትዝታ ብቻ ለማስረዳት የሚነሣ ተንታኝ ይህን አደባባይ ይዘለዋል።

የቤተሰብ ትዝታውም ቢሆን አለ። በ1888 በፈረንሳይ መጽሔት ባሳተመው ማስታወሻ፣ ዜኖቢያ ስለምትባል የአባቱ ወገን ዘመድ ተርኳል። እንደ ትረካው ከሆነ ልጁ ድብብቆሽ ሲጫወት በባላባቷ መኝታ ክፍል ልብሶች መካከል ተሸሽጎ ሳለ እሷ ከወዳጇ ጋር ገባች፤ ባሏም ደረሰ፤ እሷ ባሏን መትታ ሁሉንም አስወጣች፤ ከዚያ የተደበቀውን ልጅ አግኝታ ገረፈችው። ልጁ ከሕመሙ ጋር እንግዳ የሆነ ደስታ እንደተሰማው፣ ባለጸጉር የአውሬ ቆዳ ካባዋም ከአእምሮው እንዳልጠፋ ጽፏል። ትረካው በሥነ ልቦና ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ እንደ መነሻ ምክንያት ይቀርባል። ሆኖም ጸሐፊው ይህን ሲያሳትም የአምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበር፤ በዚሁ ጉዳይ ላይ ታዋቂ ልቦለድ ከጻፈም ዐሥራ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። ትዝታው ልቦለዱን ወልዶት ሊሆን ይችላል፤ ልቦለዱም ትዝታውን እንደገና ቀርጾት ሊሆን ይችላል። እንደ ማስረጃ የሚቆጥረው ተመራማሪ ይህን ማሰብ ይኖርበታል።

ቤተሰቡ ከፕራግ ወደ ግራትስ ሲዛወር ወጣቱ ሕግና ታሪክ አጠና። በሃያ ዓመቱ ገደማ የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ፤ በ1857 ደግሞ የጌንት ከተማ በአፄ ካርል አምስተኛ ላይ ስላነሣችው ዐመፅ የጻፈውን ጥናት አሳተመና በግራትስ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ማስተማር ጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ግን አልያዘውም። በ1866 «የኮሎሜያው ዶን ዡዋን» የተባለው ረዘም ያለ ታሪኩ ሲወጣ ስሙ በጀርመንኛ አንባቢዎች ዘንድ ታወቀ፤ ቀጥሎም «የቃየን ውርስ» በሚል ርእስ ፍቅርን፣ ንብረትን፣ መንግሥትን፣ ጦርነትን፣ ሥራንና ሞትን በስድስት ክፍል የሚመረምር ግዙፍ ሥራ ዐቀደ። ከስድስቱ የተጠናቀቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በእነዚሁ ዓመታት በዕድሜ ከምትበልጠው ከአና ፎን ኮቶቪትስ ጋር ኖሯል፤ ግንኙነቱ በመራራ ሁኔታ አብቅቶ በ1870 ለታተመ ልቦለድ ጥሬ ዕቃ ሆነ። የኖረውን መጻፍ፣ የጻፈውንም ለመኖር መሞከር ልማዱ ሆኖ ቀረ።

ፋኒ ፒስቶር ጀማሪ ጸሐፊ ነበረች፤ ትውውቃቸውም የሥነ ጽሑፍ ምክር ፈልጋ በመጻፏ የተጀመረ ነው። ከመነሻው አስተማሪው እሱ፣ ተማሪዋ እሷ ነበሩ። ውሉ ይህን ሥፍራ የገለበጠ ይመስላል፤ አንቀጾቹ ሲነበቡ ግን መልኩ ይለወጣል። ዛኸር-ማሶክ ሙሉ ታዛዥነትን ይገባል፤ ጥፋት ወይም ቸልተኝነት በተገኘበት ጊዜ እመቤቲቱ እንደወደደች ልትቀጣው ትችላለች፤ ፍቅሯን እንደ መብት ሊጠይቅ አይችልም። በአንጻሩ እሷ እንደ ሰውም ሆነ እንደ ዜጋ የሚያዋርደውን ነገር ልታዝዘው አትችልም። በየቀኑ ለሥራው ስድስት ሰዓት ትለቅለታለች፤ ደብዳቤዎቹንና ጽሑፎቹንም አታነብም። ካባዋን በተቻለ መጠን አዘውትራ፣ በተለይም በምትጨክንበት ጊዜ፣ ትለብሳለች። ስድስቱ ወራት የግድ ተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ እሷ ስትሻ ይቋረጣሉ፣ ስትሻ ይቀጥላሉ።

በዚህ ሰነድ ተገዢው ምን እንደሰጠ ብቻ የሚመለከት አንባቢ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። የትኛው ነገር ከጨዋታው ውጭ እንደሚሆን አስቀድሞ ተወስኗል፦ ክብሩ፣ የዜግነት ሕይወቱ፣ ብዕሩ። ገዢዋ ምን መልበስ እንዳለባት እንኳ የተጻፈው በእሱ ምኞት ነው። ሰነዱ አንድ ሌላ አንቀጽም ነበረው፤ ጊዜው ሲያበቃ ሁለቱም ወገኖች የባርነቱን ዘመን እንዳልነበረ ቆጥረው በቁም ነገር ሊያነሡት እንደማይገባ፣ ወደ ቀድሞ ፍቅራቸውም እንደሚመለሱ የሚደነግግ። ይህ አንቀጽ በኋላ ተሰርዟል። መግቢያውና ወሰኑ የተጻፈለት ግንኙነት መውጫው ግን ተሰረዘ። ዛሬ በዚህ መስክ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሞያዎች ሁለቱ ሰዎች ከተጫወቱት ሚና ወጥተው እንደ እኩያ የሚነጋገሩበትን ጊዜ አጥብቀው ያሳስባሉ፤ የተሰረዘው አንቀጽ ይህንኑ ለማስፈር የተደረገ ቀደምት ሙከራ ተደርጎ ሊታይ ይችላል።

ውሉ ወረቀት ላይ አልቀረም። ዛኸር-ማሶክ ግሪጎር በሚል የሎሌ ስም፣ የአሽከር ልብስ ለብሶ፣ በሦስተኛ ማዕርግ ባቡር እመቤቱን ተከትሎ ወደ ጣሊያን ተጓዘ። እሷ ካባዋን ደርባ ድንክ አልጋ ላይ ጋደም ብላ፣ እሱ ከእግሯ ሥር ተንበርክኮ የሚታዩበት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ። ስም መለወጥ፣ ልብስ፣ የተወሰነ ቦታና አቀማመጥ፣ የተደጋገመ ሥርዓት፤ ይህ ሁሉ የሥልጠና መሣሪያ ነው፤ ሰውየው ግን ሥልጠናውን የሚቀበል ሳይሆን መርሐ ግብሩን ያወጣ ሰው ነው። ለፈረስ በሚነገረው ቃል ብንገልጸው፣ የተገራችው ልጓሙን የያዘችው ሴት ነበረች።

በ1870 የታተመው «ቬኑስ በጸጉር ካባ» ይህንኑ ያሳያል። የ«ቃየን ውርስ» የመጀመሪያው ክፍል አካል የሆነው ይህ ልቦለድ ሰቨሪን የተባለ ወጣት ቫንዳ ፎን ዱናየቭ የተባለችን መበለት ጌታው እንድትሆን እንዴት እንደሚያግባባት ይተርካል። ቫንዳ መጀመሪያ ትስቃለች፤ ከዚያ ታመነታለች፤ ይህ ዝንባሌ እሷን ራሷን እንዳይለውጣት ትፈራለች። ሰቨሪን ግን በንግግር፣ በሥዕል፣ በታሪክ ምሳሌ ቀስ በቀስ ያለማምዳታል። ፍርሃቷም ደረሰ፤ ትምህርቱን ጨርሳ ከአስተማሪዋ እጅ ወጣች፤ መጨረሻ ላይ ለሌላ ወንድ አሳልፋ ሰጠችውና ሄደች። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዢል ዴሉዝ በ1967 ባሳተመው ጥናት የማሶክ ዓለም ከማርኪ ደ ሳድ ዓለም የሚለየው በዚህ ነጥብ መሆኑን አስረድቷል፦ የሳድ ጨካኝ የፈቃደኛን ሰው ፈቃድ አይሻም፤ የማሶክ ተገዢ ደግሞ ገዢውን ያሳምናል፣ ያስተምራል፣ ውል ያስፈርማል። ልቦለዱ ሲዘጋ ሰቨሪን የሚደርስበት ድምዳሜ ለብዙ አንባቢዎች ያልተጠበቀ ነው፤ ሴት የወንድ እውነተኛ ባልንጀራ ልትሆን የምትችለው በመብት፣ በትምህርትና በሥራ ስትስተካከለው ብቻ ነው ይላል። ደራሲው ይህን ድምዳሜ በገዛ ትዳሩ አልሠራበትም።

አውሮራ ሩመሊን በ1845 በግራትስ የተወለደች፣ በድህነት ያደገችና በስፌት የምትተዳደር ሴት ነበረች። ከደራሲው ጋር የተዋወቀችው በደብዳቤ ሲሆን፣ ደብዳቤዎቹን የፈረመችው ከልቦለዱ በወሰደችው ስም፣ ቫንዳ ፎን ዱናየቭ እያለች ነው። እሱ የጻፋትን ሴት በሥጋ ያገኘ መሰለው፤ እሷ ከድህነት መውጫ አየች። በ1873 ተጋቡ። ሁለተኛው ውል በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ ነው።

ይህ ሰነድ የጊዜ ገደብ የለውም። ለሥራ የሚተው ስድስት ሰዓት የለም፤ ከውርደት የሚጠብቅ አንቀጽ የለም። ተገዢው ማንነቱን ጨርሶ ይተዋል፤ አካሉ፣ ነፍሱ፣ ክብሩ፣ የመሥራት ዐቅሙ ሁሉ የእመቤቲቱ ይሆናል፤ አገዛዟ ከዐቅሙ በላይ በሆነበት ጊዜ የሚቀረው መውጫ ራሱን መግደል ብቻ ነው፣ እሷ ነጻ አታወጣውምና። ለንባብ የሚያስደነግጥ ቋንቋ ነው። ከወረቀቱ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን የኀይሉ ሚዛን ተገልብጦ ይገኛል። የኦስትሪያ ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር፤ ገንዘብ የሚመጣው ከእሱ ብዕር ነበር፤ ልጆቹም የሚያድሩት በዚያው ብዕር ነበር። ቫንዳ በኋላ በጻፈችው መጽሐፍ መሠረት፣ ካባውንና ጅራፉን ያነሣችው ወድዳ አይደለም፤ ያለዚያ መጻፍ ስለማይችል፣ ካልጻፈም ቤቱ ስለማይበላ ነበር። ከሁሉ የከበዳት ደግሞ ባሏ በልቦለዱ እንዳለው ግሪካዊ ያለ ሌላ ወንድ እንድታገኝ ለዓመታት መወትወቱ ነው፤ ወንድ በጋዜጣ ማስታወቂያ እስከ መፈለግ ተደርሷል። በወረቀት ላይ ፍጹም ገዢ የነበረችው ሴት፣ በቃልዋ ከታመነች፣ ፈቃዷን ለመንፈግ ዐቅም ያልነበራት ተቀጣሪ ነበረች።

ቃልዋ ያለ ተቃውሞ አልቀረም። የደራሲው የቅርብ ሰው የነበረውና የሕይወት ታሪኩን በ1901 ያሳተመው ካርል ፌሊክስ ፎን ሽሊሽቴግሮል፣ ቫንዳን ሐሰተኛ አድርጎ የሚያቀርብ መልስ ጽፏል። ሁለቱም ጥቅም ያላቸው ምስክሮች ናቸው። ይሁን እንጂ የቫንዳ ምስክርነት ዋና ነጥብ፣ የኑሮ ጥገኝነቷ፣ በባላንጣዋ ክስ የሚፈርስ አይደለም፤ በሕጉና በቤቱ የገቢ ምንጭ የተደገፈ ነውና።

ዛኸር-ማሶክና ፋኒ ውላቸውን ባደረጉበት ዘመን ማግሥት፣ ሪካርድ ፎን ክራፍት-ኤቢንግ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ወደ ግራትስ መጥቶ በዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጀመረ፤ እስከ 1889ም ቆየ። በ1886 ያሳተመው «ሳይኮፓቲያ ሴክሹዋሊስ» የፍትወት ዝንባሌዎችን እንደ ሕመም የሚመድብ፣ ለሐኪሞችና ለዳኞች የታሰበ መጽሐፍ ነበር፤ ተራ አንባቢን ለማራቅ ርእሱ በላቲን ተሰየመ፣ ድብቅ የሆኑት ክፍሎቹም በላቲን ተጻፉ። በ1890 ባወጣው ተጨማሪ ጥናት ራስን ለሌላ ሰው ፈቃድ አሳልፎ በመስጠት ሐሳብ ላይ የሚመሠረተውን ዝንባሌ «ማሶኪዝም» ብሎ ጠራው። ቀለም መለየት አለመቻል በዳልተን ስም እንደተጠራ ሁሉ ይህም በደራሲው ስም ሊጠራ ይገባዋል የሚል ነበር ክርክሩ። የደራሲው አድናቂዎች ሲቃወሙ፣ ሰውየው ራሱ የዝንባሌው ባለቤት እንደሆነ የሚያሳዩ ማስረጃዎች እንደደረሱት ጠቅሶ ክሱን አልተቀበለም። ዛኸር-ማሶክ በሕይወት ነበር። ሌላውን ሰው በውል ሳያስፈርም ወደ ምሥጢሩ የማያስገባው ሰው፣ ስሙ ሳይጠየቅ የሕመም ስም ሆነ።

ለክራፍት-ኤቢንግ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ሁለት ነገሮችን አጥርቶ አይቷል። አንደኛ፣ የዝንባሌው እምብርት ሕመም አለመሆኑን፣ ይልቁንም የመገዛት ሐሳብ መሆኑን፣ ግርፋትም የዚያ ሐሳብ አንድ መግለጫ ብቻ መሆኑን ተረድቷል። ሁለተኛ፣ ማሶኪዝምን ከሌላ ክስተት ለየ፤ ይህም አንድ ሰው ወዳጁን እንዳያጣ ከመፍራት የተነሣ ፈቃዱን ጥቂት በጥቂት የሚያስረክብበት ጥገኝነት ነው። ተገዢነቱ ለዚህ ሰው ደስታ የለውም፤ የሚከፈል ዋጋ ነው። ሐኪሙ ይህን ልዩነት በግራትስ ባልና ሚስት ላይ ቢያውለው ኖሮ የሚያገኘው ውጤት ያስገርመው ነበር፦ ማሶኪስቱ ባልየው ሲሆን፣ ጥገኛዋ ጅራፍ የያዘችው ሚስት ነበረች። ምርመራው ግን ሁልጊዜ የሚያተኩረው በተንበረከከው ሰው ላይ ነበር፤ የቆመችው ሴት ለምን እንደቆመች የጠየቀ አልነበረም።

የኋላው የሥነ ልቦና ጥናትም ረጅም ዘመን በዚሁ ጎዳና ተጉዟል። ፍሮይድ በ1924 ስለ ማሶኪዝም በጻፈው ጥናት ጉዳዩን ከበደለኝነት ስሜትና ከሞት ፍትወት ጋር አያያዘ፤ ትንተናው ጥልቅ ቢሆንም አንድ ሰው ብቻውን በክፍሉ የተቀመጠ ያህል ነው፣ ውል ተቀባዩ የለበትም። ፈቃድ በምደባ መመዘኛነት ቦታ ያገኘው በቅርብ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው አምስተኛ የምርመራ መመሪያ ያልተለመደ ዝንባሌንና መታወክን ለያየ፤ ዝንባሌው ባለቤቱን ካላስጨነቀ፣ ኑሮውን ካላወከ ወይም ፈቃዱን ያልሰጠ ሰው ካልተጎዳ በቀር ሕመም አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት ዐሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባም ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል ማሶኪዝምን ከዝርዝሩ አውጥቶ፣ ያልፈቀደን ሰው የሚጎዳውን ማስገደድ ግን አስቀርቷል። በአዲሱ መመዘኛ የፋኒ ውል ከሐኪም ፊት የሚቀርብ አይደለም። የአውሮራን ትዳር ግን ይህ መመዘኛም በቀላሉ አይፈታውም፤ ፈርማለችና፣ ፊርማዋም በግድ የተወሰደ አይደለምና። በችግር የተሰጠ ፈቃድን የሚመዝን ሚዛን ከምርመራ መመሪያዎች ይልቅ በትዳር ሕግና በኑሮ ታሪክ ውስጥ መፈለግ ያለበት ይመስላል።

ዛኸር-ማሶክ በሕይወቱ ሳለ የሚታወቀው በዚህ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከ1881 እስከ 1885 በላይፕሲሽ ያዘጋጀው መጽሔት የሴቶችን መብትና የአይሁድን እኩልነት ይደግፍ ነበር፤ የጋሊሺያ አይሁድን ኑሮ የሚያሳዩት ታሪኮቹ በፈረንሳይ ተወድደው በ1886 ፓሪስ ሲሄድ በክብር ተቀበለችው፣ የሌዢዮን ዶነር ኒሻንም ተሰጠው። ከቫንዳ ጋር የነበረው ትዳር ከፈረሰ በኋላ በመጽሔቱ ሥራ ያገዘችውን ሁልዳ ማይስተርን አግብቶ በሄሰን ግዛት ሊንድሃይም በምትባል መንደር ተቀመጠ። በ1890ዎቹ የፀረ አይሁድ ቅስቀሳ በአካባቢው ገበሬዎች መካከል ሲስፋፋ፣ ቤተ መጻሕፍትና ንባብ ወደ መንደሮቹ የሚያደርስ የሕዝብ ትምህርት ማኅበር አቋቋመ። በ1846 ሰዎች በመታረዳቸው የልጅነት ዘመኑ ምልክት የተደረገበት ሰው፣ በስተርጅናው ጥላቻን በመጽሐፍ ለመከላከል ሞከረ። በሊንድሃይም ማርች 9 ቀን 1895 ሞተ።

ሁልዳ እስከ መጨረሻው አብራው ነበረች። አውሮራ ሩመሊን የራሷን የሕይወት ኑዛዜ ያሳተመችው እሱ ከሞተ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1906 ነው። በሽፋኑ ላይ ያሰፈረችው ስም በተወለደች ጊዜ የወጣላት አልነበረም፤ ቫንዳ ፎን ዛኸር-ማሶክ ይላል።